የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የዶሮዎቹ ጥናት የት ደረሰ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁለቱን መርጫለሁ። አጭሩን አስቀድሜዋለሁ፤ ለሁለተኛው የምሰጠው መልስ የሚጀምረው ከእሱ ስለሆነ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የአንድ ወረዳ ተወላጆች ማኅበር አለን። በየዓመቱ እናዋጣና ለተወለድንበት አካባቢ ትምህርት ቤት የሆነ ነገር እናደርጋለን። ዘንድሮ የመማሪያ መጻሕፍት እንግዛ ተባለ። አንድ ጓደኛችን ግን "መጽሐፍ መስጠት ለውጥ እንደማያመጣ በጥናት ተረጋግጧል" ብሎ ስብሰባውን በተነው። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ጓደኛችሁ ከሜዳ አንስቶ አልተናገረም። ጥናቱ አለ። የነገራችሁ ግን ግማሹን ነው።

ነገሩ የሆነው በምዕራብ ኬንያ፣ ቡሲያ አካባቢ ነው፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ። ከ100 ትምህርት ቤቶች 25ቱ ያለ አድልዎ ተለይተው መጀመሪያ መጽሐፍ አገኙ። ሌሎቹ ለማነጻጸሪያ ቆዩ። ፖል ግሉዊ፣ ማይክል ክሬመርና ሲልቪ ሙላን ውጤቱን በ2009 አሳተሙት። የልጆቹ አማካይ የፈተና ውጤት ከፍ አላለም። የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ናቸው። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ነበሩ፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለአብዛኞቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። መጽሐፉ እጃቸው ገባ እንጂ አላነበቡትም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ የምታምኑትን ሰው ላኩ። ልትገዙት ያሰባችሁትን መጽሐፍ ይዞ ክፍል ይግባ። ከመሃል ወንበር አሥር ልጆች ይምረጥ፤ የፊቱ ላይ ያሉት ጎበዞቹ ስለሚሆኑ። እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡለት። ያነበቡትንም በራሳቸው ቋንቋ ይንገሩት። ከቻሉ ግዙ። ካልቻሉ ገንዘቡን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ለተጻፉ ቀለል ያሉ ንባቦች አድርጉት። ለአንድ ሰው የአውቶቡስና የአልጋ ወጪ ነው፤ ከመጻሕፍቱ ዋጋ ጋር አይገናኝም።

ጓደኛችሁንም አትቀየሙት። ለክርክር መነሻ የሆነው ጥናት ታትሞ ስለተገኘ ነው ስብሰባው የተበተነው። ብዙ ጊዜ ግን እንዲህ ዓይነቱ ወረቀት ጭራሽ አይገኝም። የሚቀጥለው ደብዳቤ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ውድ እትዬ፣ እንደምን አሉ? በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ መምህርት ነኝ። እኔና ሦስት ባልደረቦቼ አንድ ጆርናል መመሥረት እንፈልጋለን። አንዱ የጤና፣ አንዷ የግብርና ኤክስቴንሽን፣ አንዱ የፍልስፍና መምህር ናቸው። ጆርናሉ የሚያጠናው አንድ ጥያቄ ነው፦ ለበጎ ሥራ ከሚወጣው ገንዘብና ድካም የትኛው የበለጠ ይጠቅማል? በአገራችን ረጂ ድርጅት፣ እድር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ መንግሥት፣ ውጭ ያለው ወገን፣ ሁሉም ይረዳል። ውጤቱን የሚመዝን ግን ጥቂት ነው፤ የተመዘነውም ተበታትኗል። ዲፓርትመንታችን "ጆርናል ሞልቷል" ይለናል። እርስዎ ለረጅም ዓመታት የጆርናል አርታዒ እንደነበሩ ሰምተናል። እንመሥርት ወይስ እንተው? ከመሠረትንስ ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ የመጣብኝ ዶሮ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

አርታዒ ሆኜ በምሠራበት ዘመን አንድ ጽሑፍ ደረሰን። አንድ ረጂ ድርጅት ለገጠር ሴቶች የተሻሻለ ዝርያ ዶሮ ያከፋፍል ነበር። ሁለት ወጣት መምህራን ዶሮ የተሰጣቸውን ቤቶችና ተራቸውን የሚጠብቁትን ቤቶች ለሁለት ዓመት ተከታተሉ። በመጨረሻ በገቢም ሆነ በልጆች አመጋገብ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ምክንያቱንም ጽፈውታል፦ ፈንግል። በሽታው ሲመጣ የመንደሩን ዶሮ ጠርጎ ይሄዳል። ክትባት አለው። ክትባቱ ግን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ከወረዳው ከተማ እስከ ቀበሌው ሳይበላሽ የሚያደርሰው አልነበረም።

ንጹሕ ሥራ ነበር። አንዱ ገምጋሚ ግን "አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ ውጤት ስለሌለው አይታተም" ብሎ መለሰው። ከዚያ ገንዘቡን የሰጠው ድርጅት ጸሐፊዎቹን ተጫናቸው። ጽሑፉን አነሱት። እኔም ዝም አልኩ። ወረቀቱን ፋይል ውስጥ አስገብቼ ቁምሳጥኑን ቆለፍኩ።

ስድስት ዓመት አለፈ። የእህቴ ልጅ በሌላ ዞን የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። ለፋሲካ ቤት ስትመጣ ምን እየሠራችሁ ነው አልኳት። "ለሴቶች ዶሮ እያከፋፈልን" አለችኝ። ያው ዝርያ ነው። ክትባቱስ? "እሱ የሁለተኛው ምዕራፍ ሥራ ነው።" ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሚያውቁት ሁለት መምህራን፣ አንድ ገምጋሚና እኔ ነበርን። ለእሷ የሚነግራት ወረቀት አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ዶሮዎቹ ማለቃቸውን በስልክ ነገረችኝ።

እንመሥርት ወይ ላልሽው መልሴ አዎ ነው። ዶሮዎቹን የሚያትም ጆርናል ከሆነ መሥርቱ። ካልሆነ ዲፓርትመንታችሁ እውነቱን ነው፤ ሞልቷል።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሮበርት ሮዘንታል የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1979 "የመሳቢያ ችግር" ብሎ ስም አውጥቶለታል። ልዩነት ያገኘ ጥናት ይታተማል፣ ያላገኘው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። አንባቢ የሚያየው የታተመውን ብቻ ስለሆነ የተሞከረው ሁሉ የሠራ ይመስለዋል። በበጎ ሥራ ሲሆን ጉዳቱ የሚያርፈው ያ ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢውል ይጠቀም በነበረው ሰው ላይ ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። አቤቱታም አያቀርብም።

መፍትሔው አዲስ ፈጠራ አይፈልግም። ኮርቴክስ የተባለው የአንጎልና የባሕርይ ጥናት ጆርናል በ2013 አንድ አሠራር ጀመረ። ጸሐፊው ጥናቱን ሳይጀምር ጥያቄውንና ዘዴውን ይልካል። ገምጋሚዎች በዚያ ላይ ይከራከራሉ። ከተስማሙ ጆርናሉ "ውጤቱ ምንም ይሁን ምን እናትማለን" ብሎ ቃል ይሰጣል። በ2018 ደግሞ በእናንተው መስክ ጆርናል ኦፍ ዴቨሎፕመንት ኢኮኖሚክስ ተመሳሳዩን መሞከር ጀመረ። እናንተ ይህን የቤቱ ዋና ደንብ አድርጉት። ምን እንደሚለካ፣ ስንት ቤት እንደሚጠየቅ፣ ከማን ጋር እንደሚነጻጸር፣ በስንት ወር እንደሚታይ፣ ሁሉም ቀድሞ ይጻፍ። ውሃ የሚያነሳ ከሆነ ፈርማችሁ ስጡት። ረጂው በኋላ ቅር ቢለው ወረቀቱ በመምህሩ እጅ አለ።

ሌላም ጥቅም አለው። የዶሮዎቹን ጥናት ገና በሐሳብ ደረጃ እያለ ለገምጋሚ ልከነው ቢሆን ኖሮ አንድ የእንስሳት ሐኪም "ክትባቱን ማን ያደርሳል?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። ያኔ ዶሮዎቹ በሕይወት ነበሩ።

ሁለተኛው የምለምንሽ ነገር፣ ቆይቶ ተመልሶ ለሚያይ ተመራማሪ ቦታ አስቀምጡ። ምሳሌው እዚሁ አገራችን የተሠራ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ዴርኮን ከአምስት ድርጅቶች ጋር ተስማምተው ወደ 1,000 የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ መደቡ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ለአንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ ደረሰው። ለሌላው 300 ዶላር ገደማና አጭር የንግድ ሥልጠና። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከአንድ ዓመት በኋላ ገንዘብ ያገኙት ሰዎች ገቢ በሲሶ ያህል ጨምሮ ተገኘ። ፋብሪካ የገቡት ግን ገቢያቸው አልጨመረም፣ የጤና ችግራቸው በዝቷል፣ አብዛኞቹም ለቀዋል። ይህ በ2018 ታተመ። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው "ፋብሪካው ይቅር፣ ገንዘቡን በእጃቸው ስጧቸው" ቢል አይፈረድበትም።

ተመራማሪዎቹ ግን ከ5 ዓመት በኋላ ተመልሰው ሄዱ። ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ገንዘብ ያገኘችውም፣ ፋብሪካ የገባችውም፣ ዕጣው ያልደረሳትም ተቀራራቢ ኑሮ ላይ ነበሩ። ይህን በ2022 አሳተሙት። የመጀመሪያውን ግኝታቸውን የሚያደበዝዝ ውጤት ራሳቸው ይዘው መምጣታቸውን አከብራለሁ። ለዚህ ድፍረት ይጠይቃል፤ የሚቀበል ጆርናልም ይጠይቃል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ ለአንዱ ወጣት ቡድን ሥራ መፈለጊያ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ለሌላው የማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ ሥልጠና ከችሎታ ማረጋገጫ ወረቀት ጋር። ከ4 ዓመት በኋላ ሲያዩ የሥልጠናው ጥቅም በደመወዝ ላይ ጎልቶ ወጣ፤ የትራንስፖርቱ በኖ ጠፍቷል። በስድስት ወር ዘግተውት ቢሆን ይህን ማንም አያውቅም ነበር። ወጣት ተመራማሪ ግን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ በጀቱም ያልቃል። የጆርናላችሁ አንድ ቋሚ ክፍል "ከዓመታት በኋላ" ቢባልና በትንሽ ገንዘብ የተሠራ የክትትል ጥናት ቢቀበል፣ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በእግራቸው ሄደው ይሠሩታል።

የተሠራን ጥናት ደግሞ መሥራትም እንደ ተራ ነገር አይታይ። በጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ለትራኮማ ሲባል አዚትሮማይሲን የተባለ መድኃኒት ለሕዝቡ በጅምላ ተሰጠ። ተመራማሪዎቹ የሚከታተሉት የዓይን በሽታውን ነበር። መድኃኒቱ በደረሳቸው አካባቢዎች ግን የልጆች ሞት ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። በ2009 ሲታተም ብዙ ሰው ደነገጠ፤ ብዙ ሰውም ተጠራጠረ። ከዚያ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ በጣም ሰፊ ጥናት ተካሂዶ በ2018 ውጤቱ ወጣ። የሞት ቅነሳው 13.5 በመቶ ነው። ከግማሽ በጣም ያንሳል። ግን እውነት ሆኖ ተገኘ፤ በሕፃን ሕይወት ሲቆጠር ደግሞ ብዙ ነው። የመጀመሪያው ባይታተም ሁለተኛው አይታሰብም። ሁለተኛው ባይሠራ የመጀመሪያው ተጋንኖ ይቀር ነበር።

እዚህ ላይ የፍልስፍናው ባልደረባሽ ያስፈልጋችኋል። አንዲት ልጅ ከሞት መትረፏን፣ አንዲት እናት ዓይኗ ከመታወር መዳኑን፣ አንድ ቤተሰብ በወር ጥቂት መቶ ብር መጨመሩን በአንድ ሚዛን እንዴት ታስቀምጣላችሁ? ኢኮኖሚስቷ በብር ትቆጥራለች። የጤናው መምህር በሕመም በባከነ ዕድሜ ይቆጥራል። ሁለቱም ሳይናገሩት አንድ ነገር ወስነዋል፤ ምን ከምን ይበልጣል የሚለውን። ይህን ውሳኔ ገልጦ የሚያወጣ ጽሑፍ በየእትሙ አንድ ይኑር። ለዲፓርትመንታችሁም የምትመልሱት ይህን ነው። የኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናል ከ1962 ጀምሮ አለ፤ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ከ1963። ትልልቅ ቤቶች ናቸው። ግን የተከፈሉት በሙያ ነው። የዓይን ቅባትና የዶሮ ክትባት ጎን ለጎን ቆመው "ለዚህ ብር የቱ ይሻላል?" የሚባሉበት ገጽ እኔ አላየሁም።

ጥሬ መረጃውን ክፍት አድርጉ። ኤድዋርድ ሚጌልና ማይክል ክሬመር በቡሲያ 75 ትምህርት ቤቶች ላይ የሠሩት የሆድ ትል መድኃኒት ጥናት በ2004 ታተመ። በዓለም ዙሪያ ብዙ ገንዘብ አንቀሳቅሷል። ጸሐፊዎቹ ዳታቸውን ለሌሎች ሰጡ። ሌሎቹ እንደገና ሲያሰሉት ስሕተቶች አገኙ፤ በ2015ም አሳተሙ። ድምዳሜው ምን ያህል ተነካ በሚለው ላይ ብርቱ ክርክር ተነሣ። ክሬመር በ2019 ከአቢጂት ባነርጂና ከኤስተር ዱፍሎ ጋር የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ይህ ሁሉ ተጽፎ በአደባባይ ነበር። ስሕተት መገኘቱ አላዋረደውም። በእኛ ዘንድ ዳታ ስጠኝ ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል። ደንባችሁ ላይ ከጻፋችሁት ግን ማንም በግል አይቀየምም። የሰዎቹ ስምና ቀበሌ እንዲጠፋ ማድረግ የእናንተ ኃላፊነት ነው።

የወረቀቱ ሥራ ከሚባለው ይቀላል። አስቀድማችሁ የጆርናል መለያ ቁጥር ጠይቁ። ጽሑፍ ለመቀበልና ለማተም የሚያገለግለው ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ የተባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው። ለጽሑፎች ዲኦአይ የሚባለውን ቋሚ የኢንተርኔት መለያ ቁጥር የሚሰጠው ክሮስሬፍ ከ2023 ጀምሮ አነስተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ክፍያ አይጠይቅም። በኋላ ደግሞ ከ1998 ጀምሮ የአፍሪካን ጆርናሎች በሚሰበስበው አጆል ላይ ተመዝገቡ።

የሚከብደው ሰው ማግኘት ነው። ወጣት መምህር የሚጽፈው ለደረጃ እድገት ነው። እውቅና የሌለው ጆርናል ላይ ካሳተመ ነጥብ አያገኝም። እውቅና ለመጠየቅ ደግሞ በሰዓቱ የወጡ እትሞች ማሳየት አለባችሁ። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ እትሞች ወጣቶቹን አታስቸግሩ፤ እንጀራቸው ነው። ፕሮፌሰር የሆኑትን፣ ነጥብ የማይቆጥሩትን ለምኑ። ብዙዎቹ መሳቢያቸው ውስጥ የየራሳቸው ዶሮ አላቸው።

ለገምጋሚ ኢሜይል ብቻ አትላኪ። ደውይ። ለአንድ ግምገማ አራት ጊዜ ደውዬ አውቃለሁ፤ ሰውየው መስክ ላይ ስለነበር ኔትወርክ አልነበረውም። ሲመለስ የጻፈው ግምገማ ግን ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ነበር።

በዓመት ከሁለት እትም በላይ ቃል አትግቡ። የመጀመሪያው እትም ሲመረቅ ዲኑ ይገኛል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ፎቶ ይነሣል። ሦስተኛው ቁጥር ላይ አርታዒዋ ማታ ብቻዋን ተቀምጣ የሠንጠረዥ ቁጥር ታስተካክላለች። ጆርናል ሲሞት ያየሁት እዚያ ላይ ነው። አራታችሁም በተራ ዋና አዘጋጅ የምትሆኑበትን ጊዜ ከአሁኑ ጻፉ። ለቋንቋ አራሚና ለገጽ አቀናባሪ የሚሆን ገንዘብ ግን ፈልጉ፤ እነዚህ በነፃ አይሠሩም፤ መሥራትም የለባቸውም። ከረጂ ድርጅት ብትቀበሉ ስሙ በመጀመሪያው ገጽ ይጻፍ፤ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት እንደማያይም በውሉ ይስፈር። ጸሐፊን አታስከፍሉ። "በሦስት ቀን እናትምልዎታለን፣ ይህን ያህል ዶላር ይላኩ" የሚለው ኢሜይል ለሁላችንም ይደርሰናል፤ ከእነሱ ጋር እንዳትመሳሰሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ እለምንሻለሁ። እያንዳንዱ ጽሑፍ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛ ይኑረው፤ ጥናቱ የተሠራው ኦሮሚያ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ ሲዳማ ከሆነ በሲዳምኛ። የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛ ታነባለች። ግን ፀሐይ ላይ ስትዞር ውላ ማታ 30 ገጽ እንግሊዝኛ አትገልጥም። ሁለት ገጽ በቋንቋዋ ብታገኝ ግን ለአለቃዋ ይዛው ትገባ ነበር።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ከዶሮዎቹ ጥናት ጸሐፊዎች ለአንዱ ደወልኩ። አሁን ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆኗል። ያኔ ዝም በማለቴ ይቅርታ ጠየቅኩት። ቀጥዬ "ዳታው አለ ወይ?" አልኩት። ትንሽ ቆየና "መጠይቆቹ በሁለት ካርቶን አልጋዬ ሥር ናቸው" አለኝ። ወደ መንደሮቹ ተመልሶ እነዚያን ቤቶች ማየት ይፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ክትባቱ በሚደርስባቸውና በማይደርስባቸው ቀበሌዎች መካከል ማነጻጸር። ጥያቄውንና ዘዴውን ጽፎ ከመስቀል በፊት ይልክላችኋል። አንድ የእንስሳት ሐኪም ገምጋሚ ፈልጉና ጠብቁት።